የማርሚታው 8 ስታዶች ወጡ፤ ሁለቱ ግን ተሰብረው ነው

የማርሚታውን ማኒፎልድ (የጭስ ሰብሳቢ ቧንቧውን) ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ የያዙት 8 ስታዶች (ራስ የሌላቸው ብሎኖች) በሙሉ ወጥተዋል። ስድስቱ ደህና ናቸው፤ ሁለቱ ከቴስታታው ገጽ እኩል ተቆርጠው ነበር። ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ስታዶቹ ባለ 8 ሚሊ ብረት ናቸው። ሁለቱ የተሰበሩት ሙቀት ሳያገኙ በረጅም እጀታ ስለተገፉ ነው። ጥፋቱ የጥድፊያ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ስለ ቁልፍ ባጭሩ። አሮጌ መኪና ላይ ኢንችና ሚሊ ይደባለቃል። የግማሽ ኢንች ራስ 12.7 ሚሊ ስለሆነ 13 ቁጥር ቡሶላ (ራሱን የሚያቅፈው የቁልፍ ጫፍ) ይገባበታል፤ ላላ ያለ ብሎንም ይፈታል። የተጣበቀ ሲያጋጥም ግን ያቺ 0.3 ሚሊ ማዕዘኑን ትበላዋለች። 12 ማዕዘን ያለውን ቡሶላ ለዚህ ሥራ አታንሱት፣ 6 ማዕዘኑን ያዙ። ከዳዶው (ስታዱ ላይ ከሚጠብቀው ባለ ጥርስ ቀለበት) ውጭ የቀረውን የስታድ ጥርስ ደግሞ አስቀድማችሁ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፤ ዳዶው ሲወጣ የሚያልፈው በዚያው ዝገት ላይ ነው።

ዘይት ላይ ብዙ ክርክር አለ። ደብሊውዲ 40 በ1953 የተሠራው ውሃን ለማስወገድና ዝገትን ለመከላከል ነው፤ ለዝገት ማስለቀቂያ ተብሎ የተሠራ ዘይት ይሻላል። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል የተቀላቀለውም ይሠራል፤ ሁለቱ ስለሚለያዩ በተጠቀማችሁ ቁጥር በደንብ አራግፉት፤ ቀለምና ላስቲክም ይበላል። ማታ አንዴ፣ ጠዋት አንዴ፣ ለሁለት ቀን፤ በየመሀሉ የስታዱን ጫፍ በመዶሻ ቀጥ አድርጎ መምታት። ከዘይቱ ይልቅ ዝገቱን የሚሰነጥቀው ምቱ ነው ባይ ነኝ።

ዋናው ነገር ሙቀት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ብሎኑን ማሞቁ ላይ ነው። መሞቅ ያለበት ብሎኑን የያዘው አካል ነው። አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ሁለቱም 150 ዲግሪ ቢጨምሩ በ8 ሚሊ ቀዳዳ ላይ የሚፈጠረው ልዩነት 0.013 ሚሊ ገደማ ነው። ትንሽ ትመስላለች፤ ዝገቱ የያዘውን ለማስለቀቅ ግን ትበቃለች። ጊዛ (ቀልጦ የተፈሰሰ ብረት) ላይ ይህ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል፤ እዚያ ዙሪያውን በፍጥነት አሙቆ ብሎኑ ሳይሞቅ መድረስ ነው።

አሉሚኒየም ከመቅለጡ በፊት እንደ ብረት አይቀላም፤ ንጹሑ 660 ዲግሪ ሲደርስ፣ የቴስታታው ቅይጥ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ በድንገት ይፈሳል። ከ200 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ደግሞ ጥንካሬውን ያጣል። ስለዚህ ነበልባሉን ሳታቆሙ አንቀሳቅሱት፣ በቴርሞሜትርም ለኩ። በጨረር የሚለካው ቴርሞሜትር የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ከእውነቱ በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ስለሚያሳይ፣ የምትለኩበትን ቦታ በጥቁር ማርከር ቀቡት። እሳት ከመለኮሳችሁ በፊት ባትሪውን ንቀሉ፣ የነዳጅ መስመሩን አርቁ፣ አሴቶን ያለበትን ዘይት ጥርግ አድርጉ፣ የእሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር። ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ የነካውን ነገር በፍጹም አታሙቁ፤ ሲሞቅ ፎስጂን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል።

ሙቀቱ በቂ ሲሆን መጀመሪያ ወደ ማጥበቅ አቅጣጫ ትንሽ ግፉ፣ ከዚያ ወደ መፍታት። በቡሶላውና በቴስታታው ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አስምሩ። እጀታውን ስትለቁት መስመሩ ወደ ቦታው ከተመለሰ ብሎኑ አልዞረም፣ ተጠማዟል፤ እዚያው አቁሙና እንደገና አሙቁ። ደረቅ ጩኸት ከሰማችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ዝገቱ እየለቀቀ ነው። የሚያስፈራው ያለ ድምፅ እየላላ የሚመጣው ነው፤ ያ ሊሰበር ነው።

አሁን ወደ ተሰበሩት ሁለቱ። ተሰብሮ የቀረውን በስቶ በግራ ጥርስ የሚያወጣውን መሣሪያ አልመክርም። መሣሪያው እጅግ ጠንካራ ግን ተሰባሪ ነው፤ ውስጥ ከተሰበረ ተራ ፑንታ (መብሻ) አይበሳውም፣ ካርባይድ የሚባለው እጅግ ጠንካራ ፑንታ ያስፈልጋል። በራስ ጥንካሬ ያልወጣ ስታድ በቀጭን መሣሪያ ይወጣል ብሎ መጠበቅ ትክክል አይደለም።

ሁለቱንም ያወጣቸው ዳዶ መበየድ ነው። ስታዱ ከገጹ በታች ከሆነ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ትንሽ በትንሹ እየበየዳችሁ ከፍ አድርጉት፤ የብረት ሽቦ አሉሚኒየም ላይ ስለማይይዝ ጥርሱ አይጎዳም። ጊዛ ላይ ግን ይይዛል፣ ተጠንቀቁ። ከዚያ ባለ 10 ሚሊ ዳዶ አስቀምጡበት፤ ቀዳዳው ሰፋ ስለሚል ሽቦው መሀል ይደርሳል። ዳዶው ዚንክ የተቀባ ከሆነ ቀድማችሁ ሞርዱት፣ ጭሱ ያሳምማል። የብየዳውን የመሬት ገመድ ቴስታታው ላይ፣ ከሥራው አጠገብ እሰሩ።

እሳቱ መጀመሪያ የሚያርፈው ስታዱ መሀል ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ዳዶው ግድግዳ እየሞላ ይወጣል። ከዳዶው ከጀመራችሁ ላይ ላዩን ብቻ ይይዝና ስትገፉት ዳዶው ብቻውን ይወልቃል። ከተበየደ በኋላ ቅላቱ እስኪጠፋ ጠብቁ፤ ቀይ ሳለ ብረቱ ደካማ ነው። ከዚያ ሻማ ዳር ዳሩን አስነኩት፤ ሰሙ ቀልጦ በጥርሱ መሀል ወደ ውስጥ ሲሳብ በዓይን ይታያል። እሳት ከያዘ ገና በጣም ሞቃት ነው። ቀጥሎ በቁልፍ ወዲህና ወዲያ፣ እንደ ሰዓት የአምስት ደቂቃ ርቀት ያህል። የመጀመሪያው ስታድ በሁለተኛው ዳዶ፣ ሌላኛው በአራተኛው ወጣ። ዳዶው ቢወልቅም ሙቀቱ ሥራውን ሠርቷል፣ ድገሙት።

ብየዳ ከሌለ መብሳት ነው፤ ጫፉን በሞረድ ማስተካከል፣ መሀሉን መምታት፣ በ3 ሚሊ መጀመር፣ ከተገኘም በግራ የሚዞር ፑንታ። ፑንታ ሁልጊዜ ወደ ለስላሳው አሉሚኒየም ይሸሻል። ለ8 ሚሊ ጥርስ ከ6.8 ሚሊ በላይ አትሂዱ።

ቀዳዳውን ለማጽዳት ማስኪዮ (ጥርስ ማውጫ) አላስገባሁም፣ ጥርሱን ይቆርጣል። አሮጌ ብሎን በርዝመቱ በመጋዝ ቢሰነጠቅ ዝገቱን ይጠርጋል። አዲሶቹ ስታዶች ኒኬል ያለበት ቅባት ተቀብተው፣ በናስ ዳዶ ይታሰራሉ። የተቀባ ጥርስ ለደረቅ ጥርስ በተሰጠው የማጥበቂያ ቁጥር ከታሰረ ከመጠን በላይ ስለሚወጠር ቁጥሩን ሩብ ያህል መቀነስ ነው።

የቀረው የውሃ ፓምፑ ነው። ብሎኖቹ 6 ሚሊ፣ ረጃጅም፣ በአሉሚኒየሙ ውስጥ የሚያልፈው አካላቸው በሙሉ በነጭ ዱቄት (በአሉሚኒየም ዝገት) የተያዘ። 6 ሚሊ ብሎን የሚታሰረው በ10 ኒውተን ሜትር ገደማ ስለሆነ ረጅም እጀታ አይነካውም፤ በሩብ ኢንች ራቼት፣ በሞቀ አየር፣ በትዕግሥት።