እጄ እርጥብ ነው

ኅዳር ሲገባ እንዲህ ያደርገኛል። ከእንጦጦ ማዶ የምንኖር ሰዎች ብርዱን ለምደነዋል ይባላል፤ የእኔ ቆዳ ግን አልለመደውም። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ደረቅ ነፋስ ነው። ትናንት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እጄን በላኝና ነቃሁ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ጠዋት ስነሳ እንዲሁ ሆድ ብሶኝ ነበር።

ወተት የምታመጣልን ልጅ በር ላይ ለሰላምታ እጇን ዘረጋችልኝ። ሳላስበው አንጓዬን ሰጠኋት። «እጄ እርጥብ ነው» አልኳት። እርጥብ አልነበረም።

ችፌ እንዳለብኝ የሰማ ሁሉ መድኃኒት ይነግረኛል። ከፍቅር ነው፣ ደስ ይለኛል። ግን አንዳንዱ ጎድቶኛል። ሎሚው እንባዬን አመጣው። ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ ያሰርኩበት ቦታ ደግሞ በማግስቱ ውሃ ቋጠረ። እባካችሁ፣ በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ሁለቱንም አታድርጉ።

እሬት ግቢዬ ውስጥ አለ። ቅጠሉ ሲቆረጥ መጀመሪያ ቢጫ ፈሳሽ ይወርዳል። እሱ ቆዳ ይቆጠቁጣል። ስለዚህ ቅጠሉን ዘቅዝቄ ኩባያ ውስጥ አቆመዋለሁ፤ ቢጫው ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ እልጠውና ውስጡን፣ ውሃ የመሰለውን ብቻ እቀባለሁ። ይቀዘቅዛል። ለትንሽ ጊዜም ቢሆን ማሳከኩን ያበርደዋል። ቆዳው የተላጠበት ቦታ ላይ ግን አላስነካውም።

ከሁሉም የጠቀመኝ አጃ ነው። ያው ለአጥሚት የምንጠቀምበት አጃ። እንደ ዱቄት አልመው እነፋዋለሁ። ሁለት እፍኝ ያህል በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ቋጥሬ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እጨምቀዋለሁ። ውሃው ወተት ይመስላል፣ ሲነኩት ያሟልጫል። እጄን 10 ደቂቃ እነክርና ሳላሽ በፎጣ እየነካካሁ አደርቃለሁ። ከዚያ ቆዳው እርጥበቱን ሳይጨርስ ወዲያው ቫዝሊን። ሐኪሟ «3 ደቂቃ እንዳያልፍ» ብላኛለች። በላዩ የጥጥ ጓንት አድርጌ እተኛለሁ። ሙቅ ውሃ ሲነካኝ ደስ ይላል፤ ግን ቆዳውን የበለጠ ያደርቀዋልና ትቼዋለሁ። ሲብስብኝ የታዘዘልኝን ቅባት ለተባልኩት ቀን ያህል እቀባለሁ። አጃው ቅባቱን አይተካም።

ሐኪሟ ያየችኝ አለርት ሆስፒታል ነው። የሚጋባ በሽታ እንዳልሆነ፣ የቆዳዬ አጥር ስለሚሳሳ እርጥበት እንደሚያመልጠው፣ ሳሙናና በርበሬ በቀላሉ እንደሚያስቆጣው ነገረችኝ። ከዚያ «በቤተሰብ አስም፣ አለርጂ ወይም እንዲህ ያለ ችፌ ያለበት ሰው አለ?» አለችኝ። «የለም» አልኳት። ቶሎ ነው የመለስኩት።

ዛሬ አንጓዬን ስሰጥ እማዬ ትዝ አለችኝ።

እማዬ ሰው አትጨብጥም ነበር። ሁሌም አንጓዋን ነው የምትሰጠው። «እጄ ሊጥ ነክቷል፣» «እጄ እርጥብ ነው» ትላለች። ሥራ የማያልቅባት ሴት ስለሆነች ማንም አልጠረጠረም። እኔም አልጠረጠርኩም። ግን ለቅሶ ቤት ስንሄድም አንጓዋን ነበር የምትሰጠው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይም። እዚያ ምን ሊጥ አለ?

ማታ ማታ ለጋ ቅቤ መዳፏ ላይ ታሻለች። በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ትተኛለች። የቅቤው ሽታ አንሶላው ላይ ነበር። ሌሊት ደግሞ አንድ ድምፅ እሰማ ነበር፤ ሸርከክ፣ ሸርከክ የሚል። አይጥ ነው ብዬ አንሶላ ውስጥ እገባ ነበር። ትናንት ሌሊት ያንኑ ድምፅ ከራሴ እጅ ሰማሁት።

አለርት በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ለሥጋ ደዌ ሕክምና ነበር። ሰፈሩን ዘነበወርቅ ሲሉት እማዬ ፊቷ ይለዋወጥ ነበር፤ በአውቶቡስ ስናልፍ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ትከታለች። ብርድ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። በእሷ ዘመን ጣቷ የተሰነጠቀ፣ ቆዳዋ የተላጠ ሴት ምን እንደምትባል ያኔ አላውቅም ነበር። አንድ ሰው «አይጋባም» ብሏት ያውቅ ይሆን? ወይስ ከእኛም፣ ከልጆቿም እጇን እየሸሸች ነው የኖረችው? ፀጉሬን ስትሠራኝ በጣቷ ጫፍ ብቻ ትነካኝ እንደነበር አሁን ነው የታወሰኝ።

ታላቅ አክስቴ አለች። አንድ አልጋ ላይ ነው ያደጉት፤ እሷ ታውቃለች። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ስልክ አንስቼ አስቀመጥኩት። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ የሸፈነችውን ነገር እሷ በሌለችበት ልጠይቅባት?