እንግዳና ደንበኛ

ከረሜላ አሠራር ቤቴ ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ያስጨነቀኝ ስኳሩ አልነበረም። ስኳር ጠባይ አለው፤ ጠባዩን ካወቁለት ይታዘዛል። ያስጨነቀኝ ሂሳብ መቀበሉ ነው። በር አንኳኩቶ የገባ ሰው እንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ «በሞቴ አንዴ ጉረሺልኝ» ይባላል እንጂ «600 ብር» አይባልም። እናቴ እስካሁን አልተዋጠላትም። ልጆቹ ሳሎን ሲንጫጩ ከጓዳ ብቅ ትልና ካመጧቸው እናቶች አንዷን ለይታ «ቡና ሳትጠጪማ አትሄጂም» ትላለች። ቡና ከተጀመረ በረካው ሳይጠጣ ማን ይነሳል? የሁለት ሰዓት ፕሮግራም ያልኩት እስኪመሽ ይጎተታል።

መፍትሔው ገንዘቡን ከቤት ውጭ ማስቀረት ሆነ። ቦታ የሚይዝ ሰው ቀደም ብሎ በቴሌብር ይልካል፤ ከገባ በኋላ የብር ወሬ የለም። የቡናውንም ወጪ ዋጋው ውስጥ ደምሬዋለሁ። እናቴ ይህን አታውቅም፣ እንዳትነግሩብኝ።

ትምህርቱ የሚጀምረው ስኳር ባልገባበት ውሃ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ነው። ቪዲዮ አይታ የመጣች ሁሉ «150 ዲግሪ ድረስ ይላል እኮ» ትለኛለች። ልክ ነው፣ ቪዲዮው የተቀረጸው ቆላ ከሆነ። ቴርሞሜትሩ ሙቀት ይቁጠር እንጂ እኛ ማወቅ የምንፈልገው በሚፈላው የስኳር ሽሮፕ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንደቀረ ነው፤ ውሃ ቶሎ በሚፈላበት አገር ሽሮፑም በዝቅተኛ ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ ውሃው ብቻውን ሲንተከተክ አንዷ ቴርሞሜትሩን ታነባለች፣ ከ100 የጎደለውን ከማንኛውም አሠራር ላይ እንቀንሳለን። ውሃው 92 ላይ ከፈላ፣ ለጠንካራ ከረሜላ 150 የተባለው 142 ይሆናል፣ በቅቤና በክሬም የሚሠራው የለስላሳው ካራሜል 118 ደግሞ 110። ስምንት ዲግሪ ምን አላት የምትል ካለች፣ ሳትቀንስ የሠራችውን ካራሜል በመንጋጋዋ ትሞክረው።

ቴርሞሜትር የሌላትም አትቸገርም። በብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ይዛ ከሽሮፑ ጠብ ታደርጋለች። ጠብታዋ ጣት ላይ እንደ ሊጥ ከተድቦለቦለች ካራሜሉ ደርሷል፤ ቀጭ ብላ ከተሰበረች ለሚመጠጠው ጠንካራ ከረሜላ ትሆናለች። ይህ ፈተና አዲስ አበባም ጅቡቲም አይዋሽም። ልጆቹ ያችን «ቀጭ» ለመስማት ይጋፋሉ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አልጠገብኳትም። ገና ከመጀመሪያው ትንሽ ሎሚ፣ ስኳሩ ተመልሶ ፍሬ ፍሬ እንዳይሆን፤ የድስቱን ጎን ደግሞ በረጠበ ብሩሽ መጥረግ። የአገራችን ስኳር ቡኒ ስለሚል ካራሜልን በመልኩ ብቻ ማወቅ ያስቸግራል፣ ሽታውን መከተል ያስፈልጋል።

እሳቱ ጋ ልጅ አይቆምም። የፈላ ስኳር ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ አይፈስም። ድስት የማነሳው እኔ ብቻ ነኝ። እነሱ ቀለም ይመርጣሉ፣ እንጨቱን ይሰካሉ፣ ሲቀዘቅዝ ይጠቀልላሉ። ክረምት ላይ መጠቅለሉ ውድድር ነው፤ ከረሜላው ከአየሩ እርጥበት ስቦ ወዲያው ይጣበቃል።

ሁዳዴ ሲገባ ቅቤና ክሬም ያለበት ሁሉ ለ55 ቀን ይዘጋል፣ ልጆች ቤቴ የሚያከብሩት ልደትም ለዳግም ትንሣኤ ይቀጠራል። ያኔ የምኖረው በኦቾሎኒና በሰሊጥ ነው፤ ስኳር፣ ውሃ፣ ሎሚ፣ ዘይት የተቀባ ትሪ፣ አለቀ። ለስላሳ ከረሜላ የሚያረጋው ጀላቲን ግን በጾምም በፍስክም ቤቴ አይገባም። ከከብት ይሁን ከአሳማ ያልተጻፈበት ዱቄት ይዤ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም እናት ስትጠይቀኝ ምን ልመልስ? ለስላሳ ለሚወዱ ልጆች በኮርን ስታርች እንሠራለን። አንዲት የሐረር ልጅ እናት ያንን ቀምሳ «ይሄማ የሐላዋ ዘመድ ነው» ብላ በሚቀጥለው ሳምንት የእውነተኛውን ሐላዋ በወረቀት ይዛልኝ መጣች።

የልጆቹ ልደት ድግስ ከውጭ ሲታይ አትራፊ ይመስላል። አይደለም። ለስምንት ልጅ ተከፍሎ አሥራ አንድ ይመጣል። «ታናሹ ነው፣ እሱ አይሠራም፣ ቆሞ ያያል» ይባላል። ስኳር እየተነጠረ ቆሞ የሚያይ የአራት ዓመት ልጅ የት አለ? እንጨት እሰጠዋለሁ፣ ይሰካል፣ ይዞም ይሄዳል። ሕፃን ልጅ ላይ መጨከን አልቻልኩም፣ አልችልምም። የሚያዋጣኝ የአዋቂዎቹ ትምህርት ነው። እነሱ ሙያውን ይዘው ሄደው ለሰርግና ለክርስትና በትንንሽ ከረጢት እያሸጉ ይሸጣሉ፤ «ተፎካካሪ ታሠለጥኛለሽ» የሚሉኝም አሉ። ያሉት እውነት ነው። ግን ለሰርግ ሦስት መቶ ከረጢት የሚሆን ካራሜል ባለ ሁለት ምድጃ ኩሽናዬ ውስጥ፣ መብራት በሚጠፋበት ቀን በአንድ ሲሊንደር ጋዝ እንዴት አድርጌ ነበር የምሠራው?

ትናንት ደግሞ ከአንድ መሥሪያ ቤት ተደወለ። የሠራተኞች መዝናኛ ፕሮግራም አላቸው፣ ሃያ ሴት ይሆናሉ። ዋጋ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። «ትንሽ አይቀንስም?» አሉ። አይቀንስም አልኩ፣ ጉሮሮዬን እንኳ ሳልጠርግ። ቀጥለው «ደረሰኝ አለሽ?» ሲሉኝ ግን ዝም አልኩ። ሳሎኔ ሃያ ሰው አይይዝም፣ እሱን ለሁለት ዙር ከፍዬ እወጣዋለሁ። ደረሰኙ ግን ፈቃድ ይፈልጋል። ሰኞ ጠዋት ወረዳ ሄጄ በመኖሪያ ቤት ለሚሠራ ሥራ ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣ እጠይቃለሁ፤ እስከ ረቡዕ መልስ እሰጣለሁ ብያቸዋለሁ።