ሁለት ግራጫ

ሐምሌ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ። ጉሙ ከጣርማ በር በኩል መጥቶ ከተማዋ ላይ ሲተኛ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ባና ትከሻ ላይ ሲደረብ፣ እጅ ሥራ ይፈልጋል። ሌላው ቤት ምስር ይለቀማል። እዚህ ሌጎ ይለቀማል፤ ያ እየተጋጠመ የሚሠራበት የፕላስቲክ ጡብ። ያቺ የሌጎ ሻንጣ ከመጣች ወዲህ መቼም የምታውቁት ነው።

ትናንት ማታ የተለቀመው ግራጫው ነበር፣ በስልክ ባትሪ። ጠዋት መስኮት ሥር ሲታይ ሁለት ዓይነት ግራጫ አንድ ሣጥን ውስጥ ተዘባርቆ ቁጭ ብሏል። ይህን ለማማረር ነበር የተቀመጥኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ገደማ ሌጎ ግራጫውን ቀየረ። የድሮው ሞቅ ያለ ነው፣ ውስጡ የቢጫ መልክ አለበት። አዲሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ይቀዘቅዛል። ጠቆር ያለው ግራጫም አብሮ ተቀየረ፤ ቡኒውም ቀላ አለ። እዚህ ቤት የድሮው ግራጫ ዳለቻ፣ አዲሱ ሲሚንቶ ይባላል። ዳለቻ የተባለው በከብት ቀለም ነው። በሬ ቢሆን ኖሮ በጨለማም ማንም አይሳሳትም ነበር።

አንዷን ጡብ ብቻዋን አንስቶ መፍረድ አይቻልም። ዓይን ብቻውን ያየውን ግራጫ ሁሉ አንድ ግራጫ ያደርገዋል። ነጭ ወረቀት ይነጠፋል፤ የታወቀች ዳለቻ በግራ፣ የታወቀች ሲሚንቶ በቀኝ ትቀመጣለች፤ አጠራጣሪዋ መሀል ትገባና ሁለቱንም እንድትነካ ይደረጋል። ብርሃኑ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ያለው የመስኮት ብርሃን ቢሆን ጥሩ ነው። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ሁለቱም ይነጣሉ። የስልክ ባትሪ ደግሞ ሰማያዊ ስለሚበዛበት ዳለቻውን ሲሚንቶ አድርጎ ያሳያል። ከሁሉ የከፋችው አሳሳች ግን በፀሐይ የወየበች ሲሚንቶ ናት፤ ከላይ ስትታይ ቁርጥ ዳለቻ ትመስላለች። እሷን መገልበጥ ነው። ሆዷ ብርሃን ስላላየ እውነቱን ይናገራል።

ሦስተኛም ግራጫ አለ፤ በፌስታል እየተቋጠረ የሚሸጠው አስመሳይ። ይኼኛው በቀለም ሳይሆን ጡቡ ራስ ላይ ባለው ጉብታ ይታወቃል። በእውነተኛው ጡብ እያንዳንዷ ጉብታ ላይ ስሙ በጥቃቅን ፊደል ተቀርጿል። መቅዳቱ ሕገወጥ ነው እያልኩ አይደለም፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2010 የጡቡ ቅርጽ በንግድ ምልክትነት ሊያዝ አይችልም ብሎ ወስኗል። ችግሩ ልኩ ነው። ከአንዱ ጉብታ መሀል እስከ ሌላው መሀል 8 ሚሊሜትር፣ የጡቡ ቁመት 9.6፣ ስስ የምንለው የጠፍጣፋው ክፍል ቁመት 3.2። ሦስት ስስ ሲደራረብ አንድ ጡብ ይሆናል። እያንዳንዱ ጡብ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ቢያልፍ ወይም ቢጎድል፣ አሥር ረድፍ ላይ አንድ ሚሊሜትር ሆኖ ይወጣል፤ ያኔ ግድግዳው ይንጋደዳል። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1958 የባለቤትነት መብት የተጠየቀበት የሆድ ውስጥ ቱቦ ሥራው ጉብታዋን አጥብቆ መያዝ ነው፤ ልኩ ሲዛነፍ መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ መያዝ ነው።

ታዲያ ሁለቱን ግራጫ ለመለየት ይህን ሁሉ የምንደክመው ለምንድን ነው? የመንዝ ካብ ላይ ማን ነው ድንጋይ የለየው?

ይህቺ ጥያቄ ናት ወሬዬን ያስረሳችኝ። ወደ መሐል ሜዳ የሄደ ሰው መንገዱ ዳር ያለውን ካብ አይቷል። ዳለቻ አለ፣ ሲሚንቶ የሚመስል አለ፣ ወደ ጥቁር የሄደ አለ፣ ወይን ጠጅ የነካው ሁሉ አለ። ግንበኛው የሚጨነቀው ለቀለሙ ሳይሆን ለአቀማመጡ ነው፤ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ አይጥልም። ሌጎ ቤትም ያው ነው። እንግዲህ አፍቃሪው ሁሉ 20 ዓመት ያዘነበት የቀለም ለውጥ ለመንዝ ግድግዳ የተፈለገ ነገር ነበር ማለት ነው። አንድ ዓይነት ግራጫ ብቻ ቢኖረን ግድግዳው ብሎኬት ይመስል ነበር።

ለሌጎ ቤተ መንግሥት ግድግዳ ግራጫ ራሱ ዘግይቶ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የመጀመሪያው ትልቅ ቤተ መንግሥት፣ ቁጥር 375፣ ግድግዳው ድብን ያለ ቢጫ ነበር። ሰዎች ይስቁበታል። ለእኔ ግን በጭድና በጭቃ የተመረገ ቤት ይመስለኛል፤ የሚያስቅ ነገር አላየሁበትም። እ.ኤ.አ. በ1984 የመጣው 6080 ግራጫ ለበሰ። አሁን ደግሞ ጊዜው ተገልብጦ፣ በ2022 የወጣው ኤፍል ታወር 10,001 ክፍል ይዞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥቁር ግራጫ ነው። አሮጌው ወይስ አዲሱ የሚለው ክርክር ሲነሳ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ፈርሶ ክምር ሲሆን ምን ይወጣዋል? አዲሱ በምህንድስና ይበልጣል፣ ከረጢቱ በቁጥር የተከፋፈለ ነው፣ መመሪያ ደብተሩ በየገጹ የሚያስፈልገውን ክፍል ለይቶ ያሳያል፣ ሰው አይሳሳትም። ሲፈርስ ግን ጥፍር የሚያካክል ልሙጥ፣ ማለት ጉብታ የሌለው ክፍል፣ እና ቅንጣቢ ነው የሚተርፈው። የድሮው ደብተር ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ምን እንደተጨመረ አይነግርም፤ አፍጥጦ መፈለግ ነው። ሲፈርስ ግን ጡብ ይተርፋል። ግድግዳ ደግሞ የሚሠራው በጡብ ነው።

በሌጎ ልሠራው ያሰብኩት የመንዝ ቤት ክብ ነው፤ ጡቡ ደግሞ አራት ማዕዘን። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ባለ 3 ጉብታ ቀጭን ጡብና ክቧ ባለ 1። ረድፉ ላይ አንድ ባለ 3፣ አንድ ክብ፣ አንድ ባለ 3፣ አንድ ክብ እየተባለ ይኬዳል። ቀጣዩ ረድፍ በሁለት ጉብታ ይንሸራተታል፤ ባለ 3ዋ በታቿ ባሉት በሁለቱ ባለ 3ዎች ጫፍ ላይ ታርፍና ክቧን መሀል ሆዷ ሥር ታደርጋታለች። በዚያን ጊዜ ጫፍ ላይ ያለችው ጉብታ ሁሉ ማጠፊያ ትሆናለች። ከማጠፊያ እስከ ማጠፊያ 16 ሚሊሜትር ነው። 24 ማጠፊያ ከተደረገ እያንዳንዱ 15 ዲግሪ ይታጠፋል፣ ክቡም ይዘጋል። ከዚያ አጥብቦ 20 ለማድረግ መሞከር አያዋጣም፤ በ18 ዲግሪ የባለ 3ዋ ጠርዝ ክቧን መግፋት ይጀምራል፣ ጡቡም ከጉብታው ይነሳል።

ለ24 ማጠፊያ በየረድፉ 12 ባለ 3ና 12 ክብ ይገባል። 8 ረድፍ ቁመቱ 7.7 ሴንቲሜትር ገደማ ይመጣል። መጀመሪያ ሁለት ረድፍ ቀጥ አድርጎ መደርደር፣ ከዚያ ማጠፍ ነው። ቀጥ ሲል ርዝመቱ 38.4 ሴንቲሜትር ስለሆነ ባለ 32ቱ መሠረት ሰሌዳ ላይ አይበቃም፤ ሰሌዳው 25.6 ብቻ ነው። ጠረጴዛ ላይ መሥራት ይሻላል። አንድ ረድፍ ብቻ ከሆነ የሚይዘው የለም፣ ይበተናል።

ሲታጠፍ የሚበላሸው ሁሌም በአንድ መንገድ ነው፤ እጅ የበረታበት ቦታ ብዙ ይታጠፋል፣ ሌላው ቀጥ ብሎ ይቀራል፣ ቤቱ እንቁላል ይሆናል። 11.3 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ጣሳ ወይም ትንሽ ድስት ውስጡ ቢገባ ይስተካከላል። ከዚያ በሦስት አቅጣጫ በማስመሪያ መለካት፣ ከውጭ እስከ ውጭ 13 ሴንቲሜትር ሊሆን ይገባል።

መሠረቱ ላይ ልጥለፈው ያለ ሰው ደግሞ ይቸገራል። ከአንዱ ማጠፊያ ትይዩው እስካለው ማጠፊያ 122.6 ሚሊሜትር ነው፤ ሰሌዳው የሚያውቀው 120ን ወይም 128ን ነው። ስለዚህ አይጠለፍም። ከሥሩ ልሙጥ ተደርጎ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ከውስጥ አራት ጡብ እንደ ካስማ ይተከልና ወዲያ ወዲህ እንዳይል ይከለከላል። ገፍቶ ለማስገባት መታገል ጡቡን ከመሰንጠቅ በቀር የሚያመጣው የለም፤ በተለይ ቀላ ያለው ቡኒ ካለበት። ያ ቀለም ተሰባሪነቱ የታወቀ ነው፣ በሐምሌ ብርድ ደግሞ ይብስበታል። እጅ ውስጥ ትንሽ አሙቆ መንቀል ይሻላል፣ በጥርስ ግን በፍጹም።

በሩ 3 ጉብታ ስፋት ይተውለታል። በግራ መቃን ባለ 3ዋ በሙሉ በምታልቅበት ረድፍ በቀኝ ያለችው ባለ 3 የበሩን ክፍት ስለምትገባ ትወጣለች፤ ከእሷ በሚተርፈው አንድ ጉብታ ቦታ አራት ማዕዘኗ ባለ 1 ትገባለች። በሚቀጥለው ረድፍ ይገለበጣል። ቁመቱ 4 ረድፍ ነው፣ 38.4 ሚሊሜትር። ትንሹ ሰውዬ ያለ ኮፍያም ወደ 40 ስለሚጠጋ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ይግባ፤ ባላገር ቤት ቀጥ ብሎ የሚገባ ማን አለ? ከበሩ በላይ ያለው 5ኛው ረድፍ ግማሹ አየር ላይ ስለሚሆን 6ኛው እስኪያስረው በጣት ደግፎ መያዝ ያስፈልጋል።

በዚህ ሂሳብ 92 ባለ 3 ይገባል። 50 ዳለቻ፣ 30 ሲሚንቶ፣ 12 ጥቁር ግራጫ። ክቦቹ በድሮው ቡኒ ቢሆኑ ገባ ስለሚሉ በድንጋይ መሀል ያለ ጭቃ ይመስላሉ። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አንዴ ዳለቻ አንዴ ሲሚንቶ እያለ ሲያፈራርቅ ነው፤ የዳማ ገበታ ይሆንበታል። ድንጋይ እኮ ካለበት ቦታ በሸክም ነው የሚመጣው። የአንድ ቦታ ድንጋይ አንድ ላይ ይወርዳል፣ አንድ ላይ ይገነባል። ስለዚህ ሦስት አራት ዳለቻ በአንድ ወገን፣ ሁለት ሲሚንቶ ጎኑ፣ ጥቁሩ ወደ ሥር።

የወየበውንም አላጥብም ብያለሁ። ማጠቡ ራሱ ቀላል ነው፤ ከ40 ዲግሪ ያልበለጠ ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙና፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ በረኪና የለም። ቱቦው ውስጥ የቀረ ውሃ በክረምት ሦስት ቀን አይደርቅም፣ ይሸታል፤ ስለዚህ ጉብታው ወደ ላይ ሆኖ ፎጣ ላይ ይደረደራል። ወይባውን ለማስለቀቅ ደግሞ ከፋርማሲ የሚገዛው 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ አለ፤ ጓንት አድርጎ፣ ጡቡን በብርጭቆ ዕቃ ዘፍዝፎ ፀሐይ ላይ ማዋል። አረፋው ጡቡን ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ከላይ የወጣው በኩል ዝንጉርጉር ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ሳህን ይጫንበታል። ሥዕል የታተመበት ወይም ተለጣፊ ያለበት አይገባም። የኛ አገር ፀሐይ ለዚህ ሥራ ጎበዝ ናት፤ ያወየበችውም ግን እሷው ናት። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ መስኮት ዳር የተቀመጠ ሌጎ ብርዱን አይቶ የተዘናጋ ባለቤት ነው ያለው።

ለካብ ግን ወይባው የድንጋይ ሽበት ነው። ያለ እሱ ግድግዳው ትናንት የተሠራ ይመስላል። ይቆይ።

ቀረ ጣሪያው። የሌጎ ጣሪያ አብዛኛው ቀጥ ያለ ነው፤ ባለ 45 ዲግሪውም ባለ 33ቱም አራት ማዕዘን ቤት ነው የሚያውቁት። ስሱን እያጠበቡ ቢደራርቡት ደረጃ ይሆናል፣ ሣር ክዳን አይሆንም። ሽብልቅ ቅርጽ ያላቸውን ስሶች በማጠፊያ ቢያጋድሟቸው ደግሞ በመሀላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋሉ፣ ጉልላቱ ጋ ሲደርሱም ይጋፋሉ። በቆርቆሮ ልተካው ብዬ ነበር፣ እንደ ጎረቤቱ ሁሉ።

ከዚያ ዓይኔ የእህቴ ትንሽ ሞሰብ ላይ አረፈ። ክዳኑ ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ ነው። ስፋቱ ሲለካ 15 ሴንቲሜትር። ግድግዳው 13። በየጎኑ አንድ ሴንቲሜትር ክፈፍ ይተርፈዋል፣ ልክ ዝናብ ለመመለስ። ተቀመጠ። ጉልላቱ ሳይቀር አለው።

አሁን ችግሩ ይኸው ነው። አይቆረጥም፣ አይለጠፍም፣ ባዕድ ክፍል አይገባም የሚለውን ሕግ ታውቃላችሁ፤ ለታናሹ ስንቴ እንደሰበክሁትም ታውቃላችሁ። ማታ ሁለት ግራጫ ተቀላቀለብኝ ብሎ ያበደ ሰው፣ ማግስቱን ስንደዶ ቀላቅሎ ፈገግ ብሎ ተቀምጧል።

92 ባለ 3፣ 92 ክብ፣ 4 አራት ማዕዘን። ታዲያ ስቆጥር 188 ልበል ወይስ 189? ሞሰቡንስ ለእሑድ ሲፈልጉት ክዳኑ የት ገባ ሲሉ ምን ልበል?