በድሬዳዋ የዲጂታል ሚዲያ ሥራ፦ እስካሁን የተማርኩት

በድሬዳዋ በሚገኝ አነስተኛ የዲጂታል ሚዲያ ድርጅት ውስጥ በዘገባና በቪዲዮ ዝግጅት ላይ ተሰማርቼ ስለምሠራ፣ ወደዚህ ሙያ ለመግባት ለምታስቡ ጓደኞቼ ሥራው ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚወስድ እስካሁን ባየሁት ልክ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም የሥራው ስፋት ነው። በትልልቅ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ዘጋቢው፣ ካሜራ ባለሙያውና ኤዲተሩ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ እዚህ ግን አንድ ሰው ቀፊራ ገበያ ሄዶ ቃለ መጠይቅ ቀርጾ ይመለሳል፣ ጽሑፉን ያዘጋጃል፣ ድምፁን ያነባል፣ ቪዲዮውንም ራሱ ያቀናብራል። ስጀምር ከመጻፍ ያለፈ ሙያ አልነበረኝም፤ ዛሬ ግን ቪዲዮ ከጥሬው አንሥቼ ለስርጭት ማድረስ ችያለሁ። ባጃጅ ያለማቋረጥ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ማይክሮፎኑን ከተናጋሪው ደረት ላይ ማድረግ በኋላ በኮምፒውተር ከሚደረግ ማጽዳት ሁሉ እንደሚሻል የተማርኩትም በዚሁ ሥራ ነው።

ከባዱ ጉዳይ ፍጥነት ነው። የድርጅቱ ገቢ በዕይታና በማስታወቂያ ላይ ስለሚቆም፣ ቀድሞ የመልቀቅ ግፊት በየቀኑ አለ። በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን በቀጠፈባት ከተማ፣ በክረምት «ጎርፍ መጣ» የሚል ያልተጣራ ዜና ሕዝብን ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ ለድሬ ልጅ መንገር አያስፈልግም። ጎርፉ የሚነሣው ከደጋው በመሆኑ ከተማው ላይ ዝናብ ሳይጥልም ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ የሰማይን መጥራት አይቶ ወሬውን ሐሰት ማለትም ስሕተት ነው። እኔ በደጋው በኩል ደንገጎ አካባቢ ላሉ ሰዎች ደውዬ ሳላረጋግጥ አንድም መስመር እንዳይወጣ እሟገታለሁ፤ ሌላው ገጽ ቢቀድመን ይቅደመን። ሕጉም ቀላል አይደለም፦ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል በወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስከትላል።

የከተማችን ነዋሪ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ተናጋሪ መሆኑ ደግሞ ሥራውን ያበለጽገዋል። ባለጉዳዩ በገዛ ቋንቋው ሲናገር ዘገባው ሕይወት ይኖረዋል፤ ንግግሩን ቋንቋውን የሚያውቅ ባልደረባ ሳያየው ማሰራጨት ግን ተገቢ አይደለም።

ደመወዝና የሥራ ሰዓትን በሚመለከት፣ ማስታወቂያ ሲቀንስ ክፍያ ይዘገያል፣ ማታ የደረሰ ዜናም ማታውኑ ይሠራል። በብዙ ቦታ ይህ ትርፍ ሰዓት እንደ በጎ ፈቃድ አገልግሎት መታየቱ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኖ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት መደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.75 ተባዝቶ፣ በሕዝብ በዓል የተሠራው ደግሞ በ2.5 ተባዝቶ እንዲከፈል ያዛል። ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የትርፍ ሰዓት ክፍያው በጽሑፍ እንዲሰፍር ጠይቁ፤ አንድ ዜና ከመለቀቁ በፊት የሚያጣራው ማን እንደሆነም በዚያው ጊዜ ይነገራችሁ፤ ለዚህ ጥያቄ ስም ጠቅሶ የሚመልስ ኃላፊ ባለበት ቤት መሥራትን እመርጣለሁ።