ፀሐይ ብዬ የጻፍኩት ነገር

ግንቦት ነበር። ድሬዳዋን በግንቦት የሚያውቅ ያውቃታል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ያልፋል፤ ከዚራ ሰፈር ካሉት ዛፎች ጥላ ውጪ ቆሞ የሚያወራ ሰው አይገኝም። ሦስት ቀን የፈጀው የፊዚክስ ጉባኤ የተካሄደው በዚህ ወቅት ነው። የእኔ ሥራ ቀን አዳራሽ ገብቶ መስማት፣ ማታ ደግሞ የሰማሁትን ማንም ሰው በሚረዳው አማርኛ አንድ ገጽ አድርጎ መጻፍ ነበር። ጽሑፉ በዚያው ምሽት በቴሌግራም ይወጣል።

ሥራውን ከልቤ እወደዋለሁ። ፊዚክስን በራሱ ቋንቋ ማንበብ የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው፤ የሚጻፍለት ግን ጥቂት ነው።

በመጀመሪያው ቀን አንዲት ወጣት ተመራማሪ ስለ ሶላር አቀረበች። በቆላ ከተማ ጣሪያ ላይ የተሰቀሉ ፓኔሎችን ለወራት ለክታለች። ንግግሯ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ እየሰማሁ በአማርኛ እጽፋለሁ። በደብተሬ ላይ እንዲህ የሚል መስመር አለ፦ «ፀሐይ ሲበረታ ኃይል ይጨምራል።» እሷ ያለችውም ይህንኑ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለችውን ግን አልሰማሁም። በዚያ ሰዓት ስልኬን ይዤ ስለ አንስታይን የምጽፈውን መግቢያ እያጣራሁ ነበር። ብርሃን በትንንሽ እሽግ እንደሚመጣ እ.ኤ.አ. በ1905 አስረዳ፤ የኖቤል ሽልማቱም የ1921 ነው። ዓመቶቹን ሁለት ሦስቴ አየኋቸው። ልክ ነበሩ።

ማታ ደብተሬን ገልጬ ጻፍኩ። «ፀሐይ ሲበረታ» የሚለው ጋ ስደርስ የቀኑ ሙቀት ገና ከገላዬ አልወጣም ነበር። እጄ ሳያቅማማ እንዲህ አለ፦ «ሙቀቱ በበረታ ቁጥር ሶላሩ የበለጠ ኃይል ይሰጣል። የድሬዳዋ ሙቀት ሀብቷ ነው።» ዓረፍተ ነገሩ ደስ አለኝ። ርዕስም አደረግኩት።

በማግስቱ በሻይ ሰዓት ተመራማሪዋ ፈልጋ አገኘችኝ። አልተቆጣችም። «ጽሑፍሽን አነበብኩት፤ አጻጻፍሽ ደስ ይላል» አለችና ትንሽ ዝም ብላ ቆየች። «ግን እኔ ያልኩት ተቃራኒውን ነው። ፓኔሉ የሚፈልገው ብርሃኑን ነው። ሙቀቱማ ይጎዳዋል።»

ፊቴ ጋለ። የጥናቷ ዋና ግኝት ያ ነበር። እኔ ስልኬ ላይ ሳለሁ ያሳየችው ሥዕል ይህንኑ የሚያሳይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፓኔሉን ጀርባ ብታዩ ላዩ ላይ የተጻፈው ዋት የተለካው በ25 ዲግሪ እንደሆነ ይናገራል። 25 ዲግሪ የአየሩ ሳይሆን የፓኔሉ የራሱ ሙቀት ነው። እኩለ ቀን ላይ ድሬ ጣሪያ ላይ የተጋደመ ጥቁር ፓኔል 65 ዲግሪ ቢደርስ አይገርምም። ብዙዎቹ የሲሊከን ፓኔሎች ከ25 በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከጉልበታቸው 0.4 በመቶ ገደማ ያጣሉ። 40 ዲግሪ ሲጨምር 16 በመቶ ሆነ ማለት ነው። 100 ዋት ብለን የገዛነው 84 ዋት ገደማ ይሆናል፤ ያውም አንድም ደመና በሌለበት ቀን። ምክንያቱ ሲሊከኑ ውስጥ ነው። ብርሃን ኤሌክትሮኖችን ወደ ላይ ያነሳቸዋል፤ ሙቀቱ ደግሞ ቶሎ ወደ ታች እንዲመለሱ ያደርጋል። ከረንቱ በጥቂቱ ከፍ ቢልም ቮልቴጁ ከዚያ በላይ ይወርዳል፤ ስለዚህ ዋቱ ይቀንሳል።

«ከሰዓት ጊዜ ካለሽ ታይዋን ገበያ እንሂድ» አለችኝ። የተወሰነውን ልኬት የሠራችው እዚያ ገበያ ሶላር የሚሸጡ አንድ ሐጂ ጣሪያ ላይ ነው። በባጃጅ ሄድን።

ሐጂ ገና ሲያዩን ስልካቸውን አወጡ። «አቦ፣ ይሄንን የጻፍሽው አንቺ ነሽ እንዴ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ጠዋት አንድ ደንበኛቸው የእኔን ጽሑፍ እያሳየ መጥቶ ነበር። ካለፈው ወር ጀምሮ በብረት እግር ቆሞ የነበረውን ፓኔል እግሩን አስፈትቶ ቆርቆሮው ላይ በደንብ አስተኝቶታል። «እንዲግልለት ነው» አሉ ሐጂ። «እኔ አይሆንም አልኩት። በጽሑፍ ወጥቷል አለኝ።»

ይህች «በጽሑፍ ወጥቷል» የምትለው ቃል እስከ ዛሬ ትሰማኛለች። ሰውየው ሃያ ዓመት ሽቦ ሲቀጥሉ የኖሩትን ሐጂ ትቶ እኔን አመነ።

ወደ ጣሪያው በመሰላል ወጣን። ሐጂ ቆርቆሮው ላይ ያለ እግር የተጋደመ አሮጌ ፓኔል ነበራቸው። ቴስተሩን ከሁለቱ ሽቦዎች ጋር አገናኙ፤ 19.3 ቮልት አሳየ። «እጅሽን ከሥሩ አስገቢ» አሉኝ። በፓኔሉና በቆርቆሮው መካከል ጣቴን እንኳ ማቆየት አልቻልኩም፤ ምጣድ ነው። ከዚያ ጣሪያው ላይ ከዋለ ጀሪካን ለብ ያለ ውኃ ቀስ እያደረጉ መስታወቱ ላይ አፈሰሱ። ቀዝቃዛ ቢሆን የጋለውን መስታወት ሊሰነጥቀው ይችላል፣ ቤታችሁ እንዳትሞክሩት። ውኃው እየተነነ ሲወርድ ዓይኔን ከቴስተሩ አልነቀልኩም። 19.5። 19.8። 20.2። 20.4 ላይ ቆመ። ፀሐይቱ ያችው ፀሐይ ናት። ብርሃኑ አልጨመረም። የተለወጠው የፓኔሉ ሙቀት ብቻ ነው።

ስመለስ ያቺን አንድ ቃል እያሰብኩ ነበር። በአማርኛ ፀሐይ ስንል ሁለቱንም ነው የምንለው። «በመስኮት ፀሐይ ገባ» ስንል ብርሃኑ ነው። «ፀሐይ መታኝ» ስንል ሙቀቱ ነው። ለጨዋታ ችግር የለውም፤ ሰሚው ከአውዱ ይረዳዋል። ለፊዚክስ ግን ብርሃንና ሙቀት ለየብቻ መጠራት አለባቸው። እንዲህ ያሉ ቃላት ደግሞ አንድ ሁለት አይደሉም። ፊዚክስ ፎርስ (ግፊትና ጉተታ)፣ ኢነርጂ (በዋት ሰዓት የሚለካው)፣ ፓወር (በዋት የሚለካው) ብሎ የሚለያቸውን እኛ በአፋችን ሁሉንም ኃይል እንላቸዋለን። ሙቀትንና በዲግሪ የሚለካውን መጠነ ሙቀትንም እንዲሁ። ቋንቋችን ድሃ ስለሆነ አይደለም፤ ይህን የሚሉ ሰዎች ያበሳጩኛል። ቃሉ አለ። ጸሐፊው ነው የቱን ማለቱ እንደሆነ ቆም ብሎ መምረጥ ያለበት።

እርማቱን ሐጂ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ጻፍኩት። ግርጌ ላይ «ማስተካከያ» ብዬ ልቀጥለው ነበር፤ ተመራማሪዋ ግን «ርዕሱን ያነበበ ሁሉ ግርጌውን አያነብም» አለችኝ። ልክ ናት። አዲሱን ጽሑፍ ወዲያው፣ እዚያው ቴሌግራም ላይ አወጣሁት፤ የመጀመሪያው መስመር «ትናንት የጻፍኩት ስህተት ነበር» ይላል።

ከመላኬ በፊት ለሐጂ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «የሙቀት መጨመር የፓኔሉን የመለወጥ ብቃት ይቀንሳል» የሚለው ጋ ስደርስ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ ሲግል ይደክማል በይ።»

አልኩት። ከእሱ ቀጥሎም እግሩን አትፍቱ፣ ከሥሩ ንፋስ ይለፍበት ብዬ ጨመርኩ።

ማታ ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ናቸው። ሰውየው አዲሱን ጽሑፍ ይዞ ተመልሶ መጥቷል። «ብረቱን መልሼ ገጠምኩለት» አሉኝ። የስንት ሆነ፣ እኔ እከፍላለሁ ስላቸው «ተይ አቦ» ብለው ዘጉት።

በሦስተኛው ቀን ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ፤ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ተናጋሪው ስለ ባትሪ እያወሩ «ኃይል» ሲሉ እጄን አነሳሁ። «ይቅርታ፣ ዋት ማለትዎ ነው ወይስ ዋት ሰዓት?» አልኳቸው።