ሦስት እሁድ የፈጀብኝ ቫልቭ

ትናንት ማታ መኪናዬን አስነስቼ፣ ኮፈኑን ከፍቼ አጠገቡ ቆምኩ። ያ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የለም። በጣም ደስ ብሎኛል፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

መኪናዋ አይሱዙ ፒክአፕ ናት። ሞተሯ 4ጄኤ1፣ 2.5 ሊትር ናፍጣ። ቫልቭ ማስተካከል ለመልመድ ከዚህ የሚቀል ሞተር ያለ አይመስለኝም። ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ ታች ነው፤ ፑሽ ሮድ የሚባለው ቀጭን ዘንግ ሮከሩን (እንደ ሚዛን የሚወዛወዘውን ክንድ) ይገፋል፣ ሮከሩ ቫልቩን ይጫናል። በእያንዳንዱ ሮከር ጀርባ አንድ ቡሎንና አንድ ዳዶ አለ። ዳዶውን ታላላላችሁ፣ ቡሎኑን በካቻቢቴ ታዞራላችሁ፣ መልሳችሁ ታጠብቃላችሁ። ሃይሉክስ በ5ኤል ሞተር ያላችሁ ግን ሥራችሁ ሌላ ነው። የእናንተው የሚስተካከለው ሺም (በልክ የተሠራች ቀጭን የብረት ዝርግ) በመቀየር ነው።

ጅማሬውን ቶሎ ልለፈው። ሞተሩ ሌሊቱን ሳይነሳ ይደር፤ 0.40 ሚሊሜትር የሚባለው ልክ፣ ማለትም በሮከሩና በቫልቩ ጫፍ መካከል የሚተወው ክፍተት፣ ለቀዝቃዛ ሞተር ነው፣ ለኢንቴክም (አየር ማስገቢያው) ለኤግዞስትም (ጭስ ማስወጫው)። ቫልቮቹን የሸፈነውን የቴስታታውን ክዳን አውጡ። ሞተሩን ከፊት ባለው የፑሊ ቡሎን በቁልፍ አዙሩት። በሞተሪኖ አይሞከርም፤ የምትፈልጉት ቦታ ላይ አይቆምላችሁም።

የአቀጣጠል ተራው 1-3-4-2 ነው። ብዙ ሰው የሚሠራው በሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው ሲሊንደር ኮምፕረሽን ላይ (ሁለቱም ቫልቮቹ ተዘግተው አየሩ የሚታመቅበት ላይ) ሲደርስ የእሱ ሁለቱም፣ የሁለተኛው ኢንቴክና የሦስተኛው ኤግዞስት ይሠራሉ። ከዚያ አንድ ሙሉ ዙር አዙሮ ቀሪዎቹ አራት። እኔ ይህን ትቼዋለሁ። መጀመሪያ ቀን የፑሊው ምልክት ስለገጠመልኝ ብቻ አንደኛው ነው ብዬ ጀመርኩ፤ ለካ ኮምፕረሽን ላይ የነበረው አራተኛው ነው። ክፍተቱን የምለካበት ቀጭን ምላጭ፣ ፊለር ጌጁ፣ አልገባ ሲለኝ እያላላሁ አራት ቫልቭ አበላሸሁ። አሁን ጥንዶቹን ነው የማየው፤ 1 ከ4፣ 2 ከ3። የአራተኛው አንዱ ቫልቭ እየተዘጋ ሌላው መከፈት ሲጀምር፣ የአንደኛው ሁለቱም ዝግ ናቸው። ግማሽ ዙር እያዞሩ አራት ጊዜ መቆም ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን አያሳስትም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር ኤግዞስት ቫልቭ እንምጣ።

የመጀመሪያው እሁድ ሁሉንም በ0.40 አስተካከልኩ። ሰባቱ ዝም አሉ፣ አንዱ ቀጭ ቀጭ ይላል። ዳዶውን ሳጠብቅ ቡሎኑ አብሮ ዞሮ ይሆናል አልኩ። ያጋጥማልና፣ ካጠበቃችሁ በኋላ ሁልጊዜ ድጋሚ ለኩ። ለካሁ፣ 0.40 ነው። ጌጁ ሲሳብ ከተዘጋ መጽሐፍ መሃል ወረቀት እንደመሳብ ትንሽ ይጎተታል። ልክ እንደሚፈለገው።

ሁለተኛው እሁድ ሌላ ፊለር ጌጅ ተውሼ ለካሁ። ያው ነው። ተናደድኩ። ድምፁ እስኪጠፋ በትንሽ በትንሹ እያጠበቅሁ አስነሳሁት። ጌጅም አላስገባሁ። በዚያው ሳምንቱን ሙሉ ነዳሁ። ጠዋት ጠዋት መነሳት እምቢ ይል ጀመር፤ ሲነሳም ነጭ ጭስ።

ይህን ማንም እንዳያደርግ። ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው መቀመጫው ላይ ባረፈበት ጊዜ ነው። ክፍተት ካጣ በደንብ አያርፍም፤ ጠርዙ ይቃጠላል፣ ኮምፕረሽኑም ይወርዳል። ትንሽ የሚንኳኳ ቫልቭ ዝም ካለ ጠባብ ቫልቭ ይሻላል። በጆሮ ነው የምናስተካክለው ከሚሉ ጋር በዚህ አልስማማም።

ሦስተኛው እሁድ ሰፈራችን ያሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ 0.40 አድርጌው እየጮኸ ነው» አልኳቸው። «ልጄ፣ ጌጁን ተወውና የሮከሩን ጫፍ በጥፍርህ ዳስሰው» አሉኝ። ቤት ገብቼ ሮከሮቹን ከነዘንጋቸው አወረድኩ። በስልኬ መብራት ሲታይ ጫፉ የሚያብለጨልጭ ነው፣ ምንም የለበትም። በጥፍሬ ሳልፍበት ግን ያዘኝ። ቫልቩ የሚነካበት ቦታ ብቻ ጎድጉዷል።

ነገሩ እዚያው ገባኝ። የጌጁ ምላጭ ከጉድጓዱ ይሰፋል። ስለዚህ እንደ ድልድይ ከዳር ዳር ያርፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ርካሽ ጌጅ ገዝቼ የ0.40 እና የ0.15 ምላጮቹን በቆርቆሮ መቀስ ከቫልቩ ጫፍ አጥብቤ ቆረጥኳቸው፣ ጠርዛቸውንም በሞረድ አለሰለስኩ። ሮከሩን መልሼ በሰፊው ምላጭ 0.40 አደረግኩት። ከዚያ ጠባቦቹን ደርቤ ሰደድኩ፤ ሁለቱም ገቡ። 0.40 የምለው 0.55 ኖሯል! በጠባቡ ምላጭ 0.40 አድርጌ ዘጋሁት። ዝም አለ። ዛሬ ጠዋትም በአንድ ቁልፍ ተነሳ።

ዳያል ጌጅ (እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ያለው ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ የቫልቩን ጫወታ በቀጥታ ይለካል። እኔ የለኝም። ያቺን የተቆረጠች ምላጭ ግን በጨርቅ ጠቅልዬ ለብቻዋ አስቀምጫታለሁ።

ሮከሩ እንዲህ እንዳለ አይቀጥልም። ቶርኖ ቤት ወስጄ ጫፉን ላስሞርደው ወይስ አዲስ ልግዛ? የላዩ ጠንካራ ክፍል ተሞርዶ ካለቀ ቶሎ ይበላል የሚል ስጋት አለኝና ልቤ ወደ አዲሱ ነው። አስሞርዳችሁ የነዳችሁ ካላችሁ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደላችሁ ንገሩኝ።