የላላ የማርሽ ዘንግ፦ ካምቢዮ ከማስወረዳችሁ በፊት

ዘንጉ ወዲያ ወዲህ የሚዋልል፣ ሁለተኛ ሲፈለግ አራተኛ የሚገባ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ይዞ ጋራዥ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ «ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይውረድ» ይባላል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። አብዛኛውን ጊዜ ያለቀው ካምቢዮው ሳይሆን በዘንጉ የታችኛው ጫፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ከአውራ ጣት ጫፍ ብዙም የማትበልጥ የፕላስቲክ ቡሽ ናት። እሷን ለመቀየር መኪና ስር መግባት እንኳ አያስፈልግም፤ ሥራው በሙሉ ከውስጥ፣ ከመቀመጫዎቹ መካከል ነው።

ከመፍታት በፊት ግን ምርመራ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማ ስር ድንጋይ አድርጉ፣ ሞተር አጥፉ። ሦስተኛ ማርሽ አስገቡና ዘንጉን በሁለት ጣት ወዝውዙት። ማርሽ ገብቶ ሳለ ምንም ሳይገታው ጥቂት ሳንቲሜትር ወዲያ ወዲህ ካለ፣ ክፍተቱ ያለው በዘንጉና በካምቢዮው መገናኛ ላይ ነው። ቆሞ ሳለ ዘንጉ ጠንካራ ሆኖ፣ ሲነዳ ግን ነዳጅ በሰጣችሁና በለቀቃችሁ ቁጥር አብሮ የሚወራጭ ከሆነ የሞተሩን ወይም የካምቢዮውን ፋውንዴሽን፣ ማለትም የተቀመጠበትን ጎማና ብረት፣ እዩ፤ ጎማው ተሰንጥቆ ወይም ከብረቱ ተላቆ ይሆናል። ሲገባ የሚንጫጫ ከሆነ ፍሪሲዮኑ በደንብ መልቀቁን አረጋግጡ።

ማርሹ በትክክል ገብቶ ነዳጅ ሲለቀቅ ራሱ የሚወጣ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያ የውስጥ ጥፋት ነው፦ ማርሹን የሚገፋው ሹካ ተበልቶ፣ ሞላ ደክሞ ወይም ጥርስ ተላጭቶ ይሆናል። ካምቢዮ መውረድ ያለበት ያኔ ነው፤ ሳይውል ሳያድር መውረድም አለበት። ከአሰላ ወደ አዳማ ሲወረድ ማርሽ የሚተፋ መኪና በሞተር መያዙ ይቀርና ጭነቱ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይይዝም።

ምርመራው ወደ ቡሽዋ ካመለከተ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጉና የዘንጉን እጀታ ወደ ግራ አዙራችሁ ፍቱ። ቀጥሎ የላይኛው ሽፋን፣ ከሱ ሥር በብሎን የታሰረው ጎማ ይነሳል። የካምቢዮው አናት አሁን ይታያችኋል፤ እዚያው ቁሙ። የአዳማ አቧራ ለዓመታት ከዘይት ጋር ተቦክቶ ዙሪያውን ቆልሎታል። ጉድጓዱ ከተከፈተ በኋላ የሚወድቅ አሸዋ ከጥርሶቹ መካከል ይገባል፤ ትንሽ ጥፋት ለመጠገን ብላችሁ ትልቁን ማበላሸት ይሆናል። መጀመሪያ በብሩሽ ጥረጉ፣ በኮምፕሬሰር ንፉ፣ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ጨርቁ እስኪነጣ ወልውሉ። ነፋሱ የሚበረታበት ሰዓት ከሆነ ሜዳ ላይ አትክፈቱት፣ ግቢ ውስጥ አስገቡት።

የዘንጉ ክዳን እንደ ካምቢዮው ይለያያል፦ አንዳንዱ ወደ ታች ተጭኖ ወደ ግራ ሲዞር ይለቃል፣ አንዳንዱ በቡሎን ታስሯል፣ አንዳንዱን የብረት ቀለበት ይይዘዋል። ሥሩ ጠንካራ ሞላ ስላለ በመዳፍ ተጭናችሁ ቀስ በቀስ ልቀቁት። ዘንጉን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡና ወዲያው ጉድጓዱን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ።

አሁን የዘንጉን ጫፍ ተመልከቱ። ቡሽዋ ተሰንጥቃ ወይም ጨርሳ ጠፍታ ልታገኙ ትችላላችሁ። ስብርባሪዋ ውስጥ ከቀረ ፕላስቲክ ስለሆነ ማግኔት አያነሳውም፤ በመብራት እያያችሁ በረጅም ፒንሳ ልቀሙት። ከዚያ እንቡጡን፣ ማለትም ክቡን የዘንግ ጫፍ፣ በካሊበር በሁለት አቅጣጫ ለኩ። ያለ ቡሽ ብዙ ከተነዳ ብረት ከብረት ጋር ተፋጭቶ ሁለት ጎኑ ይጠፈጠፋል። በዚህ ላይ አዲስ ቡሽ ቢገባ ልልነቱ አይጠፋም፤ ጫፉ በብየዳ ተሞልቶ ቶርኖ ቤት ወደ ክብነቱ መመለስ አለበት።

ስለ ቡሽዋ ምርጫ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ፕላስቲክ ትሁን። ነሐስ ቶርኖ ቤት አስወጥተው የሚገጥሙ አሉ፤ ይቆያል፣ ግን የካምቢዮውን ንዝረት ሁሉ ወደ እጅ ያመጣል፣ የሚበላውም እሱ ሳይሆን የሚነካው ብረት ነው። ፕላስቲኳ የተሠራችው እሷ እንድታልቅ፣ ብረቱ እንዲተርፍ ነው። የካላማዳሪ ቁራጭ መጠቅለሉ ደግሞ ከመንገድ ለመግባት እንጂ ለመኖሪያ አይሆንም፤ ጎማው በሙቅ ዘይት አብጦ ይፈርሳል። ቡሽ ስትገዙ አሮጌውን ወይም ዘንጉን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ።

አዲሷን ቡሽ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆዩዋት፣ ትለሰልስና ሳትሰነጠቅ በእጅ ግፊት ትገባለች። አድርቁ፣ ስስ ግራሶ ቀቡ፣ ዘንጉን መልሱ። የዘንጉ ክብ ክፍል ቦይ ካለው፣ ቦዩ ካምቢዮው ላይ ካለው ፒን ጋር መግጠሙን ሳታዩ ክዳኑን አትዝጉ። ሞተር ሳይነሳ ሁሉንም ማርሽ፣ የኋላውንም ጭምር፣ አስገብታችሁ አውጡ።

ሞተራቸው አግድም የተቀመጠ፣ በፊት ጎማ የሚነዱት ኮሮላዎች እንዲህ ቀጥታ ዘንግ የላቸውም፤ የሚሠሩት በሁለት ካቮ (የብረት ገመድ) ነው፣ አንዱ ግራና ቀኝ ይመርጣል፣ ሌላው ማርሹን ያስገባል። አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ዘንጉን ያንቀሳቅስ፣ እናንተ ኮፈኑን ከፍታችሁ ካምቢዮው ጋ ያለውን የካቮ ጫፍ እዩ። ካቮው ተንቀሳቅሶ ክንዱ ዘግይቶ ከተከተለ በካቮው ጫፍ ቀለበት ውስጥ ያለችው ቡሽ አልቃለች። የካቮው ሽፋን ራሱ ከማሰሪያው ላይ ከተንሸራተተ ደግሞ የወደቀችው ክሊፕ ናት።

ይህን ያህል ከደከማችሁ የካምቢዮ ዘይቱንም እዩ። በጎን ያለው መሙያ ቡሎን ሲፈታ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው የታች ከንፈር መድረስ አለበት። ለአሮጌ ካምቢዮ ውፍረቱ 75ደብሊው-90፣ ደረጃው ጂኤል-4 የተባለውን ምረጡ፤ በጂኤል-5 ውስጥ ያለው ቅመም የሲንክሮናይዘሩን፣ ማለትም ማርሽ ሳይንጫጫ እንዲገባ የሚያደርገውን ቀለበት፣ ነሐስ ሊጎዳ ይችላል።

ስትዘጉ የታችኛው ጎማ ከተቀደደ ለብቻው ቀይሩት። አቧራው የሚገባው በዚያ ነው፤ አዲሷን ቡሽ በአጭር ጊዜ የሚበላትም እሱ ነው።